በሩ ምን በደለ?

ሱቅ ሲከስር ጥፋቱ የበሩ ነው ተባልን። በሩ በግንባር ወደ ጎዳና ስለተከፈተ ሀብቱ ተንሸራቶ ወጣ፤ ባንኮኒው ጀርባውን ለመግቢያው ስለሰጠ ዕድል አኩርፎ ተመለሰ፤ መስታወቱ አልጋውን ፊት ለፊት ስላየ ባልና ሚስት ተጣሉ። ይህን የሚያስተምረው ጥበብ ስሙ ፌንግ ሹይ ነው። ከቻይና ተነሥቶ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ዞሮ፣ ታሽጎና ዋጋ ተለጥፎበት፣ ዛሬ ከመኝታ ክፍላችን እስከ ሻይ ቤታችን መከራከሪያ ሆኗል። ክርክሩ ሲጋጋል ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንደኛው «ጥንታዊ ሳይንስ ነው፣ አልገባችሁም» ይላል። ሁለተኛው ደረቱን ነፍቶ «ምን ቻይና ድረስ አስኬዳችሁ፤ የእኛው ቆሌና አድባር፣ የእኛው የምሰሶና የደጃፍ ሥርዓት ይበልጣል» ይላል። እኛ ከሁለቱም አይደለንም። እንዲያውም ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው እንላለን፤ ብዕር ያነሣነውም ለዚሁ ነው።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳናንጠለጥለው አንድ አገር እንያዝ፤ ሸዋ ሮቢትንና የይፋትን ቆላ። ብዙዎቻችን ይህን አገር የምናውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥተን፣ ከ3000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማበርን ዋሻ አልፈን፣ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርደን፣ ካፖርታችንን አውልቀን፣ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ፓፓያና ማንጎ በመስኮት የምንገዛበት ከተማ ነው ሮቢት። ከዚያ ወደ ሰሜን ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ ይቀጥላል። ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ ከዚህ ይነሣል፤ የአፋር የግመል ወተት ወደዚህ ይወጣል፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይጋፋል። ስለ ቤት አቀማመጥ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ አገር አናውቅም። ሙቀቱ፣ ወባው፣ ጎርፉ፣ የመሬት መንቀጥቀጡ፣ በቅርቡ ደግሞ እሳቱ፣ ሁሉም በየተራው የይፋትን ቤት ፈትነውታልና።

በመጀመሪያ ለቻይናው ገበሬ የሚገባውን እንስጠው። ፌንግ ሹይ ማለት «ነፋስና ውኃ» ማለት ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በኖረው በጉዎ ፑ ስም የሚጠራው ጥንታዊ መጽሐፍ የሚናገረው ስለ መቃብር ቦታ አመራረጥ ነው፤ ጥበቡ ለሙታን ተጨንቆ ለሕያዋንም ተረፈ ማለት ነው። ጀርባህን ለተራራ ስጥ፣ ፊትህን ወደ ደቡብ አዙር፣ ውኃ ከፊትህ ይሁን ይላል። ለሰሜን ቻይና ሰው ይህ ምክር እንከን አይወጣለትም። በዚያ አገር በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ትሄዳለች፤ ውርጭ የተሸከመው ነፋስ ከሰሜን ከሳይቤሪያ ይመጣል። ተራራ ጀርባውን ከለለለት፣ ፀሐይ ፊቱን አሞቀችለት። ገበሬው በቆዳው የተማረውን ደንብ አደረገው፤ ይኼ እውቀት ነው። ኋላ ግን ባለ ኮምፓሱ ጠቢብ ደንቡን ከገበሬው እጅ ተቀብሎ ምስጢር አደረገውና መልሶ ሸጠለት። ከ1949 እ.ኤ.አ. በኋላ አዲሱ የቻይና መንግሥት አጉል እምነት ነው ብሎ ሲያሳድደው፣ እርሱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከባንኮች ጋር ተወዳጅቶ በምቾት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1990 የተከፈተው የቻይና ባንክ ሕንጻ ሹል ማዕዘኖቹ ጎረቤቶቹን እንደ ቢላ ይወጋሉ ተብሎ ከተማው ሲታመስ፣ የሚታመሰው ሚሊዮን የሚቆጥረው ሰው ነበር እንጂ ሩዝ የሚዘራው አልነበረም።

እንግዲህ ይህን ደንብ ይዘን ሮቢት እንውረድ። ከተማው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ከሚያዝያ 8 ገደማ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ የቀትር ፀሐይ የምትውለው በሰሜን በኩል ነው፤ በቀሩት ወራት በደቡብ። «ፊትህን ወደ ደቡብ» ተብሎ የታዘዘው ሰው አብዛኛውን የበጋ ወር ፀሐይን በግንባሩ ሊቀበል ነው። ትእዛዙ የተሰጠው ፀሐይን ለሚናፍቅ ሰው ነበር፤ የሮቢት ሰው ግን ኧረ ምን ሲደረግ ይናፍቃታል? ይሸሻታል እንጂ! የሮቢት ቤት ጠላቱ በምዕራብ ያለው ግድግዳ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ያ ግድግዳ፣ በተለይ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ምጣድ ነው። የጣርማበር ሰንሰለት ፀሐይዋን ቀደም አድርጎ ባይውጣት ኖሮ የባሰ ይሆን ነበር። በምዕራብ በኩል ዛፍ መትከል፣ ወይ የእህል ማስቀመጫውን በዚያ በኩል አድርጎ መኝታውን ማራቅ፣ ወይ መስኮት ፊት ለፊት ከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ፣ ይህ ዕድል ለመጥራት አይደለም፤ ሌሊት ሕፃን እንዲተኛ ነው።

አቅጣጫ በይፋት ትርጉም የለውም እያልን አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ መቅደሱን ወደ ምሥራቅ ያደርጋል። መስጊዱም ወደ መካ ይዞራል፤ ሮቢትና መካ ደግሞ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ቢባል ያስኬዳልና፣ የይፋት ሙስሊም ሲሰግድ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ምድር የገነነው የኢፋት ሱልጣኔት ከተሞች፣ ኖራና አስበሪ የሚባሉት ፍርስራሾች፣ በተራራው ተረተር ላይ የድንጋይ መስጊዶቻቸውን ግድግዳ እስከ ዛሬ ያሳያሉ። ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ አቅጣጫቸውን አልሳቱም። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ወደ ሰሜን የሰገደ ሰው ሽንኩርቱ እንዲሸጥለት ብሎ አይደለም የዞረው። አቅጣጫ ለአምልኮ ሲሆን ትሕትና ነው፤ ለትርፍ ሲሆን ግን ሸቀጥ ይሆናል።

ደግሞስ በይፋት ቤት ማለት አንድ ነገር ነው እንዴ? አፋሯ እናት ቤቷን ራሷ ትሠራዋለች፤ እንጨት አጉብጣ፣ ሰሌን አልብሳ። ሣሩ ሲያልቅ ነቅላ በግመል ጭና ትሄዳለች። ለእርሷ የቤት አቀማመጥ የሚለወጥ ነገር ነው፤ ውኃውና ግጦሹ ባለበት። አርጎባው በተቃራኒው ድንጋይ ይክባል። ከይፋት ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ በከሚሴ በኩል ያለችውን ሾንኬን ያየ ያውቃል፤ ቤቶቹ በኮረብታው አናት ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ ጣራቸው በአፈር ተደልድሎ፣ አንዱ ለሌላው ጥላ ሆኖለት። እዚያ ላይ የወጣው ለመልክዓ ምድሩ ውበት ሳይሆን ወባውንና ጠላቱን ሸሽቶ ነው። ሜዳ ላይ የተቀመጠው ገበሬ ደግሞ ግራር ወይም ቁርቁራ ፈልጎ ከጥላው ሥር ይጠጋል፤ ከወንዙ ዳር ይርቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ የሮቢ ወንዝ ምን እንደሚመስል ያውቃልና። ሦስቱም ያልተጻፈ መጽሐፍ አላቸው። ሦስቱም ግን «ዕድል» የምትለውን ቃል ሳይጠሩ ቤት ይሠራሉ።

ስለ ሰፈር እናንሣ። የሰፈር ስፋት በሜትር አይለካም፤ «ቡና ጠጡ!» የሚለው ድምፅ በሚደርስበት ይለካል። ቡናው ሲወቀጥ የሙቀጫው ድምፅ ቀድሞ ይነግራል፤ አቦሉ ሳይቀዳ ጎረቤት በርጩማ ይዞ ይደርሳል፤ ቆሎው ወይ የማሽላ እሸቱ ይቀርባል፤ ቶና፣ በረካ እያለ ሁለት ሰዓት ያልፋል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ እንዳልደወለ፣ ዕቁቡ ለማን እንደደረሰ ይታወቃል። ይህ እንዲሆን በሩ ለበር መታየት አለበት፤ አጥሩ ድምፅ ማሳለፍ አለበት፤ ደጃፉ ላይ ጥላ መኖር አለበት። ፌንግ ሹይ ግን «በርህ ከጎረቤትህ በር ጋር ፊት ለፊት አይግጠም፤ ትጣላላችሁ» ይለናል። እኛ የምናውቀው ጎረቤት የሚጣላው በድንበር፣ በውኃ ቦይና በዶሮ ነው። በር ለበር የሚተያዩትማ ቢጣሉም ቡና ያስታርቃቸዋል፤ የማይተያዩት ናቸው በወሬ የሚጠፋፉት።

ማድቤቱስ? ፌንግ ሹይ ስለ ምድጃ አቅጣጫ ብዙ ይላል፤ እሳት ከውኃ ጋር አይጋጭ፣ ምድጃው ከበሩ አይታይ እያለ። ምድጃው አጠገብ ስለቆመችው ሴት ግን ሲናገር አልሰማንም። የይፋት ምግብ ማሽላ ነው፤ የማሽላ እንጀራ ደግሞ ትኩሱን ካልተበላ ቶሎ ይደርቃልና ምጣዱ ቶሎ ቶሎ መጣድ አለበት። ደጅ 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን መስኮት በሌለው የቆርቆሮ ማድቤት ውስጥ ሊጡን እያፈሰሰች፣ ጭሱን እየዋጠች የምትቆመዋን እህታችንን አስቡ። ሳሎኑ ነፋስ ያገኛል፤ ማድቤቱ ከጓሮ በኩል በተረፈው ቦታ ይለጠፋል። የቤት አቀማመጥ ፍትሕ የሚለካው እዚህ ነው። ነፋሱ ማንን ይነካል? ጭሱ በማን ዓይን ውስጥ ይገባል? የአገር ባህላችንን የምናወድስ ወንዶችም በዚህ ላይ ዝም ስንል እንገኛለንና ዝምታው ለእኛም የቀረበ ክስ ነው።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ፤ በሩ ወደ ተከሰሰበት። ሮቢት የመንገድ ልጅ ናት። የአዲስ አበባ–ደሴ አስፋልት መሐል ለመሐል ሰንጥቋት፣ ሱቆቿ ሁሉ ፊታቸውን ለአውቶቡሱ ሰጥተው የተሰለፉባት። ፌንግ ሹይ አዋቂ ይህን ቢያይ «መንገድ እንደ ቀስት ይወጋችኋል» ብሎ ይጮህ ነበር። ጥሩ፤ አንድ ባለሱቅ በኅዳር 2014 ከሰረ እንበል። ባንኮኒውን አዙሮ ነበር? መደርደሪያውን ቀይሮ ነበር? አይ፤ ጦርነቱ እርሱ ደጃፍ ደረሰ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ አውቶቡስ ቀረ፤ ዕቃው ተዘረፈ። ሌላው ባለሱቅ ማሾ ሰብስቦ ከሰረ እንበል። ማሾ የቆላው ሰው ወጥም ንፍሮም አድርጎ የሚበላው እህል ነው፤ ዋጋው ግን የሚቆረጠው በሮቢት ምጣድ ላይ ሳይሆን በውጭ ገበያ ነው። በምርት ገበያ በኩል ወደ ውጭ ይላካል፤ ባሕር ማዶ ፍላጎቱ ሲወርድ ገበሬውም ባለሱቁም አብረው ይወርዳሉ። ሦስተኛው ባለሱቅ ኪራይ ተጨመረበት። አራተኛው የዱቤ ደብተሩ ሞልቶ ሰው አልከፈለውም፤ ሰው ያልከፈለው ደግሞ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ስለበሰበሰ ነው። አሁን ንገሩን፤ በሩ ምን በደለ?

ይኸውላችሁ ከፌንግ ሹይ ጋር ያለን ጠብ። ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ውሸት አለ፣ ከሁሉ ጋር አንጣላም። የዕድል ትምህርት የመንገዱን፣ የዋጋውን፣ የኪራዩንና የጦርነቱን ጥያቄ ወስዶ የማጠፊያ ጥያቄ ያደርገዋል። በሩን ያዞረ ሰው አከራዩን አይጠይቅም። ባንኮኒውን ያነሣ ሰው «የማሾ ዋጋ እንዴት ተቆረጠ?» ብሎ ደላላውን አያፋጥጥም። ደላላው ይህን ጥበብ ቢወድ አይገርመንም።

መስታወቱንማ ሳናነሣ አናልፍም። ፌንግ ሹይ ክፉ ኃይልን ለመመለስ በር ላይ መስታወት ስቀሉ ይላል። ወዴት ይመለሳል? ወደ ጎረቤት ነዋ! ይህን እንደ ተረት እንዳትቆጥሩት፤ በዘመናችን ከተሞች በአካል እየተፈጸመ ነው። የቀድሞው ሱቅ በረንዳ ነበረው። በረንዳው ለባለሱቁ ጥላ፣ ለጉሊቷ እናት መቀመጫ፣ አውቶቡስ ለሚጠብቅ መንገደኛ መጠለያ ነው፤ ልጆችም የቤት ሥራቸውን ይሠሩበታል። በምትኩ እየተተከለ ያለው ባለ መስታወት ሕንጻ በረንዳ የለውም፤ ግንባሩ አንጸባራቂ ነው፤ የቆላውን ፀሐይ ተቀብሎ ማዶ ባለው ሱቅ ላይ ይተፋል። በውስጡ ያለው ሰው ማቀዝቀዣ ያስገባል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወጥቶ ከጎረቤቱ በረንዳ ሥር ይቆማል። «ዕድገት» ይሉታል። እኛ ሙቀትን ለጎረቤት ማስተላለፍ እንለዋለን።

አሁን ተራው የእነዚያ ደረታቸውን የነፉት ወንድሞቻችን ነው። «የራሳችን አለን» አላችሁ። አለን፤ እስቲ እንየው። የቻይናው ጥበብ በሩን ይከሳል፤ የእኛው ሰውን ይከሳል። ሙሽራ በገባች በሳምንቱ በሬ ከሞተ «እግሯ ክፉ ነው» ትባላለች። ጠዋት መጀመሪያ ሱቅ የገባ ድኻ ሳንቲም ስለጎደለው «ገበያዬን ዘጋብኝ» ተብሎ ቀኑን ሙሉ ይረገማል። ደጃፍ ላይ አጥንት ወይም የተቋጠረ ጨርቅ ከተገኘ መተት ነው፤ መተት ካለ ደግሞ የቀበረ ሰው መኖር አለበት፤ የቀበረው ሰው ሁልጊዜ ጎረቤት ነው። ሸክላ የምትሠራዋ፣ ብረት የሚቀጠቅጠው «ቡዳ» ተብሎ ከቡና ይገለላል፤ እንጀራው የሚጋገረው ግን በእርሷ ምጣድ፣ ማሽላው የሚታረሰው በእርሱ ማረሻ ነው። ይህንን ነው ቅርስ ብለን የምንመካበት? በር ቢከሰስ በሩ አይሞትም። ሰው ሲከሰስ ግን ምን እንደሚሆን ይህ አገር በቅርቡ አይቷል። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትነድ፣ ብዙ ቤትና ሱቅ አመድ ሲሆን፣ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት የተለኮሰው «ጎረቤትህ ነው ጠላትህ» የሚለው ወሬ ነበር። ከመተት ወሬ እስከዚያ ወሬ ስንት እርምጃ ነው? የቡናውን ሥርዓት እንወዳለን፤ ምርቃቱን እንወዳለን፤ ካህኑ ጸበል ሲረጭ፣ ሼሁ ዱዓ ሲያደርግ አሜን እንላለን። የጎረቤትን እጅና እግር መመርመርን ግን ባህል ብላችሁ አታሸክሙን።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም ወገኖች ረስተውታል። ፌንግ ሹይ በተራራው ውስጥ የዘንዶ ጅማት ያልፋል ይላል። የሚያስቀው በይፋት በእርግጥ ያልፋል! የጣርማበር ተዳፋት የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው፤ ምድሩ ለሁለት እየተሰነጠቀ ያለበት። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን አገር መታው፤ ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራቆሬ ብዙ ቤት ወደቀ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለ መጠለያ ቀረ። በ2017ም ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ አወዛውዟል። እንግዲህ ዘንዶው ይህ ነው፤ በመስታወት አይመለስም። በጭቃ የተያያዘ ከባድ የድንጋይ ግንብ በእንዲህ ያለ ጊዜ እንደሚናድ፣ በእንጨት የተማገረ የጭቃ ቤት ግን ተወዛውዞም ሊቆም እንደሚችል በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከላይ ያደነቅነው የድንጋይ ጥበብም ቢሆን በጭፍን የሚደነቅ አይደለም፤ ለሙቀት የበጀው ለመንቀጥቀጥ ላይበጅ ይችላል። ማገር፣ ማዕዘን፣ የጣራ ክብደት፣ የመሬቱ ጠባይ፣ እነዚህ ናቸው ሊጠየቁ የሚገባቸው።

ጉዳዩ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም፤ የተቃጠለው ቤት እንደገና እየተሠራ ነው። ሰው ቸኩሎ፣ በተበደረው ገንዘብ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ እየመታ ነው። ምሰሶው ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ማድቤቱ ነፋስ ከየት እንደሚያገኝ፣ በረንዳው ይኑር አይኑር፣ በሩ ጎረቤቱን ይይ አይይ ዛሬ የሚወሰነው ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ነው። በዚህ ሰዓት የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ነን የምንል ሰዎች ቁጭ ብለን የቻይናን ኮምፓስ ከአድባር ጋር እናወዳድራለን!

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ከቀወት፣ ከኤፍራታና ግድም፣ ከአንጾኪያ ገምዛ፣ ከአንኮበር የመጣችሁ ሁሉ ለዕረፍት ስትሄዱ እያንዳንዳችሁ አሥር አሥር ቤት መዝግቡ። በሩ ወዴት እንደሚያይ፣ ከቀትር በኋላ ጥላው የት እንደሚያርፍ፣ ማድቤቱ ስንት መስኮት እንዳለው፣ ቤቱ ከምን እንደተሠራና ማን እንደሠራው ጻፉ። በ1953 የነበሩ አባቶችና እናቶች አሁንም አሉ፤ ያን ቀን የትኛው ቤት እንደወደቀና የትኛው እንደቆመ ጠይቋቸው። ሸክላ ሠሪዋንና አንጥረኛውንም ዝለሉ እንዳትሉ፤ ምጣዱ ስንት ማገዶ እንደሚበላ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቡና ሲቀርብላችሁ እስከ በረካው ቆዩ። ደብተርና መለኪያ ገመድ ይበቃል፤ ኮምፓሱማ በየኪሳችሁ ስልክ ላይ አለ። የሰበሰባችሁትን ወደዚህች መጽሔት አምጡት፤ ገጽ እንለቅላችኋለን።